ፈጣን ኮምፒውተር በርካሽ ለመገጣጠም የተቋቋመው የቤተሰብ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የምሳ ሳህን እንደተነሳ
ቦታ፦ ሳሎን፣ በአክስት የስፌት መኪናና በቴሌቪዥኑ መካከል
ሰዓት፦ ለስምንት ተጠርቶ ስምንት ተኩል ላይ ተጀምሯል

የተገኙ፦
አባት፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሰብሳቢ
እናት፣ ነርስ፣ ገንዘብ ያዥ
አክስት (የእናት ታናሽ)፣ ልብስ ሰፊ፣ አባል
አጎት (የአባት ታናሽ)፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በቅጽል ስማቸው አምፔር፣ አባል
ልጅ፣ ዘንድሮ የተመረቀ፣ ጸሐፊ፣ ድምጽ የሌለው

አጎት አምፔር አንድ እግራቸውን ሳሎን፣ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ስልክ ያናግሩ ስለነበር የተገኘው ሦስት ተኩል አባል ነው የሚል ጥያቄ ከአክስት ተነስቷል። ሰብሳቢው «በር ላይ የተንጠለጠለም ተሳፋሪ ነው» በማለታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የስብሰባው ምክንያት

ጸሐፊው ከአንድ የአኒሜሽን ስቱዲዮ የሥራ ፈተና ደርሶታል። ሰኞ ጠዋት የአንድ ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ካቀረበ ይቀጠራል፤ ካላቀረበ ቦታው ለቀጣዩ ተፈታኝ ይሰጣል። በቤቱ ያለው ኮምፒውተር ይህን ሥራ ሲጀምር ያቃስታል፣ ቀጥሎም ይጠፋል። ስለዚህ ቤተሰቡ አዋጥቶ፣ ርካሽ ርካሹን ዕቃ ገዝቶ፣ እቤት ገጣጥሞ፣ ፋብሪካው ከፈቀደለት ፍጥነት በላይ ሊያስሮጠው ተነስቷል። ይህ የመጨረሻው ነገር በባለሙያዎች ዘንድ ኦቨርክሎክ ይባላል። ሰብሳቢው «ትርፍ መጫን ነው በለኛ» ብለዋል።

በቤቱ ልማድ ያዋጣ ይመርጣል። በዚሁ መሠረት ዕቃው ለአራቱ አዋጪዎች ተከፋፍሏል። ጸሐፊው ገና ገቢ ስለሌለው ምርጫም ድምጽም እንደማይኖረው ተገልጾለታል።

አጀንዳ አንድ፦ ፕሮሰሰር (የአባት ድርሻ)

ሰብሳቢው ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ ጠይቀው «የኮምፒውተሩ ሞተር ነው» ሲባሉ፣ በዚህ ጉዳይ ከእርሳቸው የተሻለ አዋቂ በቤቱ እንደሌለ አስረድተዋል። የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫው ሱቅ በስልክ ከላካቸው ሥዕሎች ውስጥ ሁለት አማራጭ ቀርቧል፤ አንደኛው ፍጥነቱ ሊጨመር የሚችል፣ ሁለተኛው ፋብሪካው ፍጥነቱን የቆለፈው። ሰብሳቢው አውቶቡሳቸው ላይ የፍጥነት መገደቢያ ከተገጠመ ወዲህ ዶሮ እንኳ ገጭተው እንደማያውቁ በመጥቀስ የተቆለፈውን መርጠዋል። ጸሐፊው እጁን አወጣ። «አንተ ጻፍ» ተባለ። ጻፈ።

አጀንዳ ሁለት፦ ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ (የአጎት ድርሻ)

አጎት አምፔር ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። ማዘርቦርድ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ መሆኑ ሲነገራቸው «ሰሌዳማ ሰፋ ሲል ነው» ብለው በሥዕሉ ላይ ትልቁን ጠቁመዋል። ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ወፍጮ የሚያዞር ጉልበት እንዲኖረው ጠይቀዋል። እናት «ለአንድ ኮምፒውተር?» ሲሏቸው «እትዬ፣ መብራት ይትረፍ እንጂ አይነስ» የሚል መልስ ሰጥተዋል። ሰብሳቢው፣ አጎት አምፔር አምና የበር ደወል ሲገጥሙ መላ ሰፈሩ ጨለማ ውስጥ እንዳደረ አስታውሰዋል። አጎት ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አመለከቱ። ከረጅም ውይይት በኋላ እንዳይሰረዝ ተወስኗል።

ጸሐፊው የአባት ሞተር በአጎት ሰሌዳ ላይ እንደማይቀመጥ ለመግለጽ አፉን ሲከፍት ሥነ ሥርዓት እንዲያከብር ተነግሮታል።

አጀንዳ ሦስት፦ ማቀዝቀዣ (የእናት ድርሻ)

እናት «ትኩሳት የእኔ ሙያ ነው» በማለት ንግግራቸውን ጀምረው፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ከ37.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ጥብቅ መመሪያ ሰጥተዋል። ጸሐፊው ሥራ ላይ ያለ ፕሮሰሰር እስከ ሰማንያ ሊደርስ እንደሚችል በሹክሹክታ ተናግሯል። የእናት መልስ በጠየቁት መሠረት ቃል በቃል ተመዝግቧል፦ «ሰማንያ? ልጄ፣ አርባ ሁለት የገባ አይቻለሁ። ሰማንያ ለገባማ ሐኪም አይጠራለትም!»

ከሱቁ ማቀዝቀዣዎች ሁሉ ግዙፉ፣ ባለ ሁለት ፋኑ ተመርጧል። በተጨማሪም እርጥብ ፎጣ አጠገቡ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በአጎት ጩኸት ወድቋል።

አጀንዳ አራት፦ ኬዝ (የአክስት ድርሻ)

አክስት ከአንገታቸው ሜትራቸውን አውርደው በስፌት መኪናቸውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ለክተዋል። ክፍተቱ አንድ ክንድ ተኩል ቁመትና አንድ ጥሩ መዝገበ ቃላት የሚያህል ውፍረት አለው። በልኩ አንድ ቀጭን፣ ወገቡ የገባ ኬዝ መርጠዋል። ጸሐፊው ወደ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ከኬዙ እንደሚበልጥ ለማስረዳት ሞክሯል። አክስት ሳይቆጡ እንዲህ ብለዋል፦ «የኔ ጌታ፣ ስንቷን ሙሽራ ቀሚስ ውስጥ ያስገባሁ ነኝ። ትንፋሽ ዋጥ፣ ዚፑን ሳብ፤ አለቀ።»

አጀንዳ አምስት፦ ትርፍ ስለ መጫን

ጸጥታ የሰፈነበት ብቸኛው አጀንዳ ይሆናል ተብሎ የተጠበቀ ቢሆንም አልሆነም። ሰብሳቢው አዲስ ሞተር መጀመሪያ በዝግታ ተነድቶ ሮዳጅ ሳያወጣ ዳገት እንደማይወጣ ተናግረው፣ ልጁ ግን እስከ ሰኞ ጊዜ ስለሌለው በመጠኑ ይረገጥ ብለዋል። እናት በየግማሽ ሰዓቱ ሙቀቱን እኔ እለካለሁ ብለዋል። አክስት «ታዲያ ምናለበት፣ ትንሽ ይለጠጥ!» ሲሉ አጎት ደግፈዋል። አንዱ ሌላውን እያሞቀ «ይረገጥ! ይረገጥ!» የሚል ድምጽ ሳሎኑን ሞልቶታል።

በአባት ምርጫ ፍጥነቱ የተቆለፈው ፕሮሰሰር፣ ፍጥነቱ እንዲጨመር በሙሉ ድምጽ ተወስኗል። ከፍተኛ ጭብጨባ ሆኗል። ጸሐፊውም በደስታው ተወስዶ አጨብጭቧል። ጭብጨባው እንደ ድምጽ እንዳይቆጠር ተወስኗል።

አጀንዳ ስድስት፦ ትዕዛዝ

ሰብሳቢው ለሱቁ ሻጭ ደውለው፣ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ የተመረጡትን ዕቃዎች አንብበዋል። ሻጩ «ጋሼ፣ ይህን የመረጠው ማን ነው?» ሲል ጠይቋል። «ኮሚቴ ነው» ተባለ። «ገባኝ» አለ።

ቀጥሎም ሞተሩ ሰሌዳው ላይ እንደማይቀመጥ፣ ሰሌዳው ኬዙ ውስጥ እንደማይገባ፣ ማቀዝቀዣው ራሱ ከኬዙ እንደሚወፍር፣ የተቆለፈው ፕሮሰሰርም ቢለመን ፍጥነት እንደማይጨምር፣ ያለ ራም፣ ማለትም ያለ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ደግሞ ሁሉም ተገጣጥሞ እንኳ እንደማይነሳ አስረድቷል። ራም ለማንም አልተመደበም ነበር። አጎት አምፔር ስለ ፓወር ሰፕላዩ ጠይቀው «እሱስ ይሠራል» ሲባሉ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀምጠዋል።

ሻጩ ሱቁ ሊዘጋ አንድ ሰዓት እንደቀረው፣ እሁድም እንደማይከፍት ተናግሯል።

እናት ወደ ጸሐፊው ዞረው ይህን ያውቅ እንደነበር ጠየቁት። ከአጀንዳ አንድ ጀምሮ እንደሚያውቅ መለሰ። «ታዲያ አፍ የለህም?» ቢሉት አፍ እንዳለው፣ ድምጽ ግን እንደሌለው ገለጸ። እናት ወደ ሰብሳቢው ዞረው ተናገሩ። የተናገሩት ብዙ ስለሆነ እዚህ ያጠረው ብቻ ተመዝግቧል፦ «ሰኞ የሚፈተነው እሱ ነው ወይስ አንተ?»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገዋል።

ውሳኔ

ከአጀንዳ አንድ እስከ አምስት የተወሰነው በሙሉ፣ ጭብጨባውን ጨምሮ፣ ተሽሯል። ያዋጣ ይመርጣል የሚለው ልማድም አብሮ ተሽሯል። ጸሐፊው ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ከጸሐፊነት ተነስቶ የአራቱም አባላት ድምጽ ተሰጥቶታል፤ ብቻውን ይምረጥ። እስክሪብቶውን ሰብሳቢው ይረከቡ።

ተረክቤያለሁ። ይህን የምጽፈው እኔ አባት ነኝ። ልጁ ቆሞ ይናገራል። ሻጩ «አዎ፣ አዎ፣ እሱ ይሻላል» ይላል። ስማቸውን የማላውቃቸውን ዕቃዎች አልጻፍኩም፤ ስለዚህ የጻፍኩት የለም። የአምፔርን ፓወር ሰፕላይ በግማሽ ቀነሰው፤ አምፔር አልተቃወመም። የተረፈውን ገንዘብ ለግራፊክስ ካርድ አደረገው። ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው ብሎ አስረዳን። አክስቱ በደስታ እያነባች ትስቃለች፤ የሚለው እኔ አይገባኝም፣ እሷ ግን ገብቷታል መሰለኝ።

ዛሬውኑ እንገጣጥመዋለን ብሏል። ለእኛ የተመደበልን ሥራ ካቻቪቴ ማቀበል ነው። በሙሉ ድምጽ ተቀብለናል።

ስብሰባው ዘጠኝ ተኩል ላይ ተነስቷል። ልጁ ግን አልጨረሰም፤ አንድ እግሩን ካልሲ፣ አንዱን ጫማ አድርጎ ዕቃውን ሊያመጣ ደረጃውን እየወረደ አሁንም ለሻጩ ይናገራል። ድምጹ እስከዚህ ድረስ ይሰማል።