የውሃ ማማዋ አገር

በመጽሐፍ ውስጥ ባለች አገር የሚኮራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዱ ጋር በደርግ ጊዜ፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ፣ በኮምፔንሳቶ ግድግዳ በተለዩ ሁለት ክፍሎች አስተምሬያለሁ። ጋሽ ታደለ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። «አገራችን የአፍሪካ ምንድን ናት?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ «የውሃ ማማ!» እያለ ግድግዳዬን ያነቃንቀዋል። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? የአማርኛ ትምህርቴን አቋርጬ አብሬ እኮራለሁ።

በድርቁ ዓመት አንዲት ልጅ ከወሎ መጥታ፣ አጎቷ ቤት ተጠግታ፣ እሳቸው ክፍል ገባች። አንድ ቀን አንድ ካድሬ ትምህርቱን ሊታዘብ ከኋላ ተቀምጦ ሳለ፣ የተለመደው ጩኸት እንዳበቃ የልጅቷ ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ታዲያ የእኛ ከብቶች ለምን በውሃ ጥም አለቁ?»

እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጠመኔዬን አስቀምጬ ጆሮዬን ሰጠሁ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ጥያቄ ጠያቂውንም ቤተሰቡንም ያስበላ ነበር። ጋሽ ታደለ ተቆጥተው ቢያስቀምጧት ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

«ልጄ፣» አሉ ጋሽ ታደለ፣ «መጽሐፉ ወንዞቹ ከየት እንደሚነሱ እንጂ ማን ጋ እንደማይደርሱ አልጻፈም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ጥያቄሽ ትክክል ነው።»

ካድሬው ሳይሰናበት ወጣ። ልጅቷን የነካት የለም፤ ጋሽ ታደለ ግን ብዙም ሳይቆዩ ወደ ወሎ እንዲዛወሩ ታዘዙ። ዕቃ ላሳስራቸው ቤታቸው ሄድኩ። የጂኦግራፊ መጽሐፉ አልጋው ላይ ቀርቷል።

«ይኼን አይዙትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ተወው ወንድሜ፣» አሉኝ ደክሟቸው፤ «ይልቅ ያንን ጀሪካን አቀብለኝ።»