ገብርኤልና የፊት መስታወቴ

እኛ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ሃይማኖታችንን የምንለጥፈው የፊት መስታወት ላይ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ። አዋሽ ላይ ጎማ ስናስነፋ ስዕል ሻጭ ይመጣል፤ አንዱን ቅዱስ ገዝቶ ሌላውን ማስቀየም ደግሞ ያስፈራል። መጀመሪያ እመቤታችንን ለጠፍኩ። ጊዮርጊስ ተከተለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ደረሱ። ለኔ የቀረችኝ የመዳፍ ስፋት ያላት መስታወት ናት። በሷ እያጮለቅኩ ነበር ተሳቢ የምነዳው፣ እግዜር ያሳያችሁ!

ባለፈው ሰመራ መግቢያ ላይ አንዲት ትራፊክ አስቆመችኝና ስዕሉን ሁሉ አንሳ አለችኝ። ደረቴን ነፋሁ። የሃይማኖት ነፃነት በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠ ነው፣ አንቀጽ ሃያ ሰባት፣ አልኳት። ቁጥሩን ከሬዲዮ ነው የሰማሁት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ ለካ ሴትዮዋ እስከ ታች አንብባዋለች። ለሕዝብ ደህንነት ሲባል በሕግ ሊገደብ ይችላል፣ ንዑስ አንቀጽ አምስት፣ አለችኝ።

ነገሩ የከረረው ጋቢናው ውስጥ ስታይ ነው። ከመቀመጫዬ ኋላ፣ ከአልጋዬ ራስጌ፣ እናቴ ልትሞት ሰሞን የሰጠችኝ ትንሽ ገብርኤል አለ። እሱንም አለች። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። መንጃ ፈቃዴን ውሰጂው ልላት ምንም አልቀረኝ።

ይሄኔ መኪናውን ከኋላዬ አቁሞ የነበረው ሰይድ መጣ። የሃያ ዓመት የመንገድ ጓደኛዬ ነው፤ ሱብሂ ሳይሰግድ መሪ አይጨብጥም። እስቲ ጋቢናው ላይ ውጪና መሪው ጋ ተቀመጪ አላት። ወጣች። ፊት ለፊት ብታይ ጊዮርጊስ እንጂ መንገድ የለም።

«ይሄ መንገድ ይከልላል፣ ይነሳ» አላት ሰይድ። «የእናቱ ስጦታ ግን ምን ይከልላል? እህቴ፣ ገደቡም እኮ ገደብ አለው።»

ዞራ አየች። ገብርኤልና ያልተነጠፈ አልጋዬ ብቻ። እሱ ይቆይ አለች። አሸነፍን! ደስታዬን የት ላድርገው? እናቴ ዳግም የተሰጠችኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ትራፊኳ ግን ወርዳ ቀጥ ብላ ወደ ሰይድ መኪና። የሱ መስታወት ከዳር እስከ ዳር «ማሻአላህ» ነው። ጠበቃዬ ራሱ ባስረዳው ሕግ ተያዘ።

አሁን ማን ይላጠው? እኔ በቅዱሳን ላይ ምላጭ አላነሳም፤ እሱ በአላህ ስም ላይ አያነሳም። ተለዋወጥን። እሱ የኔን በውሃ እያራሰ፣ እኔ የሱን በጥፍሬ ቀስ እያልኩ፣ አንድም ሳይቀደድ አነሳነው። የሰው አደራ ሲሆን እንዴት እንደሚጠነቀቁ!

ቀና ብለን፣ መስታወታችን እንደ ሙሽራ ጠርቶ፣ ድንበሩ ጋላፊ ገባን። ስንወርድ ሰይድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? በዚህ መንገድ ዳር ተራራ እንዳለ ታውቅ ነበር ወይ አለኝ።