ጎንበስ በል የሚለኝ ስኪ

ወንድ ልጅ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ አዲስ ነገር አይማርም። እማራለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ወይ ፍቅር ይዞታል፣ ወይ ሊሰምጥ ነው። እኔ ሰሞኑን ሁለቱንም ሆኜ ሰነበትኩ!

ፍቅሩ ሰናይት ናት፤ እዚሁ ሀዋሳ የምታስተምር መምህርት። እሑድ ሽማግሌ ልልክ ተዘጋጅቼ ሳለ አባቷ ጋሽ ወልዴ፣ “ሰውዬው አንገቱን የማይሰብር ኩራተኛ ነው አሉ። ሽማግሌውን ከመቀበሌ በፊት እስቲ ራሱን ልየው” ብለው ቁጭ! ታዲያ ምን ላሳያቸው? ቤት የለኝ፣ መኪና የለኝ... ያለኝ የውሃ ስኪ ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሞተር ጀልባ በገመድ ይጎትታችኋል፤ እናንተ አንዲት ጣውላ ላይ ሁለት እግራችሁን ከፊትና ከኋላ ሰክታችሁ፣ ሐይቁን ግራ ቀኝ እየቀደዳችሁ ትከተላላችሁ። (የጤነኛ ሰው ሥራ ነው ወይ? እሱን እንኳ ተዉት!)

አሮጌው ስኪዬ ሰፊ፣ ታጋሽ፣ ገመና ሸፋኝ ነበር። ወደ ኋላ ጋለል ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ስሄድበት ዝም ይለኝ ነበር። እሱ ተሰነጠቀና አዲስ ገዛሁ። አዲሱ ቀጭን፣ ቁጡ! ጋለል ስል አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያነሳና እኔን ለጉማሬዎቹ ያስረክበኛል።

“ክብደትህን የፊት እግርህ ላይ ጣል! ጉልበትህን እጠፍ!” ይጮኻል ጀልባ ነጂው ጓደኛዬ ዱካሞ።

“አጥፌያለሁ እኮ!”

“የታለ ያጠፍከው? ፎቶ የምትነሳ ነው የምትመስለው!”

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ... ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፋሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ጠጣሁ። ዓሣ አጥማጆቹ “ሐይቃችንን አጎደለው” ብለው አለመክሰሳቸው ደግነታቸው ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰናይት “ዓሣ ልጋብዝህ” ብላ አባቷን አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ ውሃው ዳር ካለ ጠረጴዛ አስቀመጠችልኝ። ዱካሞ ጀልባውን አስነሳ፤ እኔም ተነሳሁ፤ ስኪው ወዲያው ይወላገድ ጀመር። ልወድቅ ነው! ሽማግሌዎቼም ከቤታቸው ሳይወጡ ሊመለሱ ነው! ይሄኔ ጋሽ ወልዴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ከዚያም ጎንበስ!

እናንተዬ! አባቴ የሚሆን ሰው ብድግ ብሎ እጅ ሲነሳኝ ደረቴን ነፍቼ ልለፍ? አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ እንዴ? ሳላስበው ከወገቤ እጥፍ አልኩ። ጉልበቴም አብሮ ታጠፈ... ስኪውም ውሃውን እንደ ቢላ ሰነጠቀው! ለካ የፈለገው ትሕትና ኖሯል!

“እሱ ነው! እሱ ነው!” ይላል ዱካሞ፣ ወደ ዳር እያስጠጋኝ።

እሳቸው ጎንበስ፣ እኔ ጎንበስ... እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

ፍረዱኝ! ታላቅ ሰው በአንድ እጅ ይጨበጣል? ቀኙ ይዘረጋል፣ ግራው ቀኙን ይደግፋል። ገመዱን ማን ይያዘው? ማንም አልያዘው!

እጄን እንደዘረጋሁ ወደ ዳር ተንሸራተትኩ፣ ተንሸራተትኩ... ከዚያ በክብር ሰመጥኩ። ብቅ ብዬ ዓይኔን ስጠርግ አስተናጋጇ ማንቆርቆሪያ ይዛ ፊታቸው ቆማለች። ለካ ጋሽ ወልዴ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር!

ሰናይት ፊቷን ሸፈነች። ዓሣ ሲጠብቁ የነበሩት አባ ኮዳ አሞራዎች እንኳ አፍረውልኝ ዞር አሉ። እኔ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ እጄን እንደዘረጋሁ ወጣሁ፤ አሁን ማጠፍ ደግሞ ሌላ ውርደት ነው!

“ማነው ይሄ?”

“እሱ ነው፣ አባዬ” አለች ሰናይት፣ ፊቷን እንደሸፈነች።

ጋሽ ወልዴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እጃቸው እርጥብ ስለነበር እንደ ደንቡ የእጃቸውን አንጓ ሰጡኝ፤ እኔ ከነነፍሴ እርጥብ መሆኔን ከቁብ አልቆጠሩትም።

“ኩራተኛ ነው ብለውኝ ነበር” አሉ። “እጄን ስታጠብ ሐይቅ መሀል ሆኖ እጅ የሚነሳኝ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ሽማግሌዎችህን ላክ።”

ደስታው ሲያፈነዳኝ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝና ሐይቁን በአገጫቸው እያሳዩኝ፣

“ብቻ በየብስ ይምጡ!”