መርከብ ያላተመው እንግሊዝና ልጄ

እናንተዬ፣ ባጠፋ ቁጥር የሚሾም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር፣ ሶፋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘሁት። የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤቷ ብላ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ታሪክ ታነብልኛለች። ሰውዬው አንዲት ትንሽ መርከብ ከድንጋይ ጋር አላተመ።

"ታዲያ አባረሩት?" አልኳት።

"ኖ፣ አያቴ! ፕሮሞት አደረጉት።"

ትልቅ መርከብ ሰጡት። በሷ ደግሞ የገዛ ወገኑን መርከብ ገጨ። ይሄኔማ አድሚራል ሆነላችሁ! ደረቱ ላይ የሜዳልያ ቦታ ጠፋ።

የኔ ልጅ ግን የኤርፖርት መንገደኛ በቫን ሲያመላልስ ምሰሶ ገጨና፣ "በቃህ" ተብሎ ቤት ተቀምጧል። ምሰሶው እንኳ ምንም አልሆነ!

ነጠላዬን ለብሼ ሃቫና ስትሪት፣ አለቃው ከማል ቢሮ ለሽምግልና ሄድኩ። ወንበር ሲስብልኝ፣ "ልጄን ሳትመልስልኝ አልቀመጥም" ብዬ ተገተርኩ።

"እማማ፣ ሦስተኛ ምሰሶው እኮ ነው!"

ለካ ሁለቱን ደብቆኛል! እኔ ግን መች አፈርኩ? የእንግሊዙን ታሪክ ከነሜዳልያው ዘረገፍኩለት። ከማል ወንበሩን እንደገና ሳበልኝ።

"እሺ፣ ይቀመጡ። ከነገ ጀምሮ የሾፌሮቹ አለቃ ይሁን፤ ቢሮ ቁጭ ብሎ ስልክ ያንሳ። ብቻ እማማ፣ መሪ እንዳይጨብጥ እርስዎ ዋስ ይሁኑኝ።"

ዋስ ሆኜ፣ መርቄው ወጣሁ። ልጄ በር ላይ የራሱን መኪና አስነስቶ ይጠብቀኛል።

"እማዬ፣ ግቢ እንጂ!"

"ሹመትህ ጸድቋል፣ እንኳን ደስ ያለህ!" አልኩትና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አመራሁ።