መሃሉን የሳተችው ቀዳዳ

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ የአንድ ክብ ነገር መሃሉ የት እንደሆነ በዓይናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ያውም እንጀራዬ ነው! ጎንደር አራዳ ውስጥ አንዲት ብረታ ብረት ቤት ተቀጥሬ በኮምፒውተር ንድፍ እሠራለሁ። እኔ እስለዋለሁ፣ ባልደረባዬ አስቴር በመቁረጫ ማሽኗ ከብረት ታወጣዋለች።

አንድ ቀን አያ ጥጋቡ የሚባሉ የጠዳ ባለወፍጮ መጡ። ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ክብ ብረት ተሰንጥቆባቸው፣ ስባሪውን በማዳበሪያ ጠቅልለው ይዘዋል።

«የሦስት ሠርግ እህል ደጄ ተቆልሏል» አሉኝ። «ዱቄት ካልደረሰ ሠርገኛው የሚበላው እኔን ነው!»

ቀላል ነው አልኩ። ክቡን ሳልኩ። የሞተሩ ዘንግ የሚገባባትን ቀዳዳ ከግራ ጠርዝ ይህን ያህል፣ ከታች ይህን ያህል ብዬ በቁጥር አስቀመጥኳት። ልክ መሃል! ኋላ አስቴር ዳሩ ቀጥኗል፣ ክቡ ትንሽ ይስፋ አለች። አሰፋሁት። ቀዳዳዋ ግን ምን ታድርግ? ከጠርዝ ይህን ያህል ራቂ ተብላለች፣ እዚያው ቀረች። ክቡ ሲያድግ መሃሉ ተነሥቶ ሄደ፤ ለእሷ የነገራት የለም። እኔስ መቼ አየሁና! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

አስቴር የቆረጠችውን ይዤ ጠዳ ወርጄ ገጠምኩት። አያ ጥጋቡ ሞተሩን አስነሡ። ወገኖቼ፣ ወፍጮው እስክስታ ወረደ! የጣራው ቆርቆሮ ተንጫጫ፣ የጤፉ ጆንያ ተደረመሰ፣ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ወደ ደጅ ሮጡ። አያ ጥጋቡ አጥፍተውት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ እንዲፈጭ እንጂ እንዲጨፍር መቼ አልኩህ?»

ክው አልኩ። ጎንደር እስክደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ቀና አላልኩም። አስቴር ግን አልሳቀችብኝም። አጠገቤ ቁጭ ብላ ንድፉን አየችና፣ «ምነው ከጠርዝ ትለካለህ? መሃሉን ከመሃሉ ጋር እሰረው እንጂ» አለች።

ተምሬዋለሁ እኮ! ክቡንና ቀዳዳዋን መርጬ፣ መሃል ለመሃል የምታስረውን ትእዛዝ ነካሁ። ክቡን አሰፋሁት፤ ቀዳዳዋ መሃል። አጠበብኩት፤ መሃል። ይዤው ወደ ጥግ ሄድኩ፤ ተከትላ መጣች፣ አሁንም መሃል! ከወንበሬ ዘልዬ ጮህኩ። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ምን ነካው ብሎ ብቅ አለ።

በማግሥቱ አዲሱን ገጠምነው። ሞተሩ ተነሣ። ወፍጮው ንቅንቅ ሳይል ማጉረምረም ብቻ! አንዲት እናት ትኩሱን ዱቄት በጣቷ አሸት አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። አያ ጥጋቡ ግንባሬን ሳሙኝ። «ሸጋ!» አሉ። የሦስቱም ሠርግ ዱቄት ደረሰ።

እኔማ ልቤ አበጠ። ካሁን በኋላ መሃል ያልገባ ነገር ከእጄ አይወጣም ብዬ ላገኘሁት ሁሉ ፎከርኩ።

ሦስት ቀን ሳይሞላ አንድ የዳባት ሰው በራችን ላይ ቆመ። የጠዳን ወፍጮ ያስጨፈርከው አንተ ነህ ወይ አለኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ ነኝ አልኩ።

ፊቱ በራ። «እሰይ! የእህል ማበጠሪያ ወንፊት ሠርቼ አልነቃነቅ ብሎኛል። ቀዳዳዋ መሃሉን የሳተች፣ እንደዚያችው ያለች ሥራልኝ!»

አስቴር ሳቋን ለመደበቅ ወደ ማሽኗ ዞረች። እኔም ንድፉን ከፍቼ ከመሃሉ ጋር ያሰርኳትን ቀዳዳ ወደ ጎን ብገፋት፣ ብጎትታት፣ ወይ ፍንክች! ሳላስበው የሠራሁትን፣ አስቤ ለመሥራት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።