ሠላሳ የሚያበቃው የት ነው?

ስህተት አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። በአሶሳ ይህ ማዕረግ የመምህር ደባልቄ ነው። ከወሎ ተመድቦ መጥቶ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ትርፍ ጊዜውን የሚጨርሰው ማንም ሰው በስልኩ ሊያርመው በሚችል የጋራ ካርታ ላይ ነው። እኛ "እንዴት አደርክ?" ስንለው እሱ "ይሄ መንገድ በስንት ይነዳል?" ይላል።

አምና በትምህርት ቤቱ ሰፈር መግቢያዎች ላይ "30" የሚል የፍጥነት ገደብ ምልክት ተተከለ። እኔ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

"ምልክቱ የመንገዱ አይደለም፣ የሰፈሩ ነው" አለኝ። "ገብተህ እስክትወጣ ድረስ እያንዳንዷ ቅያስ ሠላሳ ናት። ታዲያ ሰፈሩ የት ያበቃል?"

ጥያቄው እኔንም ያዘኝ። ቅያስ በቅያስ አብረን ዞርን። ሦስቱ መግቢያዎች ምልክት አላቸው፤ በማንጎ እርሻው በኩል ያለው አራተኛው ባዶ ነው። በዚያ የሚገባ ሹፌር ሠላሳ መሆኑን በምን ይወቅ?

የጭነት መኪና ሹፌሩ አብዱልሐሚድ ሰማንና ሳቀ።

"ወላሂ፣ ዝም ብለህ ሠላሳ በል። ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ" አሉ ክቡርነታቸው መምህራችን። "መሬት ላይ የሌለ፣ ካርታ ላይ አይገባም።"

ምልክት ይተከል ብሎ ትራንስፖርት ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። "በዚያ በኩል መኪና አይገባም" አሉት። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ እዚያው መግቢያ ላይ ከማንጎ ሻጯ ከኸድራ አጠገብ ተቀምጠን ከጠዋት ጀምሮ ቆጠርን፤ አርባ ባጃጅ፣ አሥራ አንድ አይሱዙ።

አሥራ ሁለተኛው አይሱዙ ሲበር መጣ። ውሃ ይዛ መንገድ የምታቋርጥ ልጅ ጄሪካኗን ጥላ ዘለለች። ልጅቷ ተረፈች፤ ጄሪካኑ እንደ ወረቀት ተለጠፈ። የደባልቄ እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። ኸድራ አንስታ ሰጠችው።

"ጻፍ መምህር! አሥራ ሁለት ሆነ።"

ሰኞ ጠዋት ያንን ጄሪካን ወስዶ የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። በሁለት ሳምንቱ ምልክቱ መጣ።

በተተከለበት ቀን ግን መምህር በወባ ተኝቶ ነበር። ሄጄ ፎቶ አነሳሁና ላክሁለት። ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ የደረሰ ሰው ወዲያው ደወለ።

"ፊቱን ብቻ ነው ያነሳኸው። ከጀርባው የሠላሳ ማብቂያ ተጽፏል ወይስ ባዶ ነው? እሱን ሳላውቅ ምን ብዬ ላስገባ?"

እያጉረመረምኩ ተመልሼ ሄድኩ። ጀርባውን አነሳሁ፤ ማብቂያው ተጽፏል። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አጠገቡ ያለችው ጠባብ ቅያስ ከሠላሳው ክልል ውስጥ ትሁን ከውጭ ለማየት ጎንበስ ቀና ማለት ጀመርኩ።

ኸድራ ከማንጎዋ ኋላ ሆና ታየኛለች።

"አንተም እንደ መምህር ሆንክ እንዴ?" አለችኝ።

ስድብ መሆኑ ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።