የአማቴ ዋንዛ

የውጭ አገር ሰው ሥራ ሲለቅ ወይን ይተክላል። ይህን ያስተማረኝ ስልኬ ነው። ባንክ ቤት ሲሠራ የኖረ ጎልማሳ ከረባቱን አውልቆ፣ የሣር ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሚስቱ በተወለደችበት ባዕድ አገር የአማቶቹን የወይን ዘለላ እየዳሰሰ ፈገግ ይላል። ከሥሩ የዓለም ሕዝብ ምርቃቱን ይጽፍለታል። እኛ ዘንድ ግን ሥራ የለቀቀ ሰው የሚጻፍለት ሳይሆን የሚጸለይለት ነው። ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ነገሩ ጠና ካለም ጠበል ይታሰባል። "ይህችም ደመወዝ ሆና!" እያለ ሲያሽሟጥጣችሁ የኖረው ጎረቤት ሳይቀር፣ የለቀቃችሁ ቀን ያችኑ ደመወዝ እንደ ሟች ዘመድ እያነሳ ያዝንላችኋል።

ያልተገላበጠ ያራል ይባል የለ? እኔም ከማረሬ በፊት ለመገላበጥ ቆረጥኩ።

እኔ መርካቶ አካባቢ ተወልጄ ያደግኩ፣ ሥራ ቦንጋ ያመጣኝ ሰው ነኝ። የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ ከዕቅድ ሪፖርት፣ ከሪፖርት ዕቅድ ማውጣት ሲሆን፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኝተው እንዳይተዛዘቡ መጠበቅም የእኔው ኃላፊነት ነበር። ቦንጋ ደግሞ አስቴርን ሰጠችኝ። አስቴር አስተማሪ ናት፤ አገሯ ከቦንጋ ወጣ ያለችው ማንኪራ፣ ለአባቷም ለእናቷም አንድ ናት። አባቷ ጋሽ አዲሎ በጫካው ጥላ ሥር ቡና ይለቅማሉ፣ ንብም ያረባሉ። እንግዲህ የእኔ የወይን እርሻ መሆኑ ነው። ባዕድ አገር ነው ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፤ የአማቶቼ ጨዋታ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ሲደምቅ እኔ ሌላው ሲስቅ ጠብቄ የምስቅ ሰው ነበርኩ።

ነገሩን ያመጣው የጋሽ አዲሎ ጉልበት ነው። ከክረምቱ ወዲህ አልታዘዝ አላቸው። ቡናውን በምርኩዝም ቢሆን ይዞሩታል። ማሩ ግን ዛፍ ላይ ነው። በዚያ መንደር የማር ዛፍ ጫካ ውስጥ የበቀለ ቢሆንም ባለቤት አለው፤ ወረቀት የለውም፣ የማያውቀው ግን የለም። ባለቤትነቱ የሚጸናው ታዲያ ቀፎ ሲሰቀልበት ነው። ያውም የቤቱ ሰው በገዛ እጁ ሲሰቅል፤ ቅጥረኛ አይቆጠርም። አበባው ፈክቶ እስኪረግፍ ዛፉ ባዶውን ከቆመ፣ ቅርብ የሆነ ዘመድ የራሱን ቀፎ ይሰቅልበታል፤ ከዚያ ወዲያ ዛፉ የእሱ ነው።

የጋሽ አዲሎ የማር ዛፍ አንድ ዋንዛ ነው። በጎረምሳነታቸው ከአባታቸው ተረክበው፣ በየዓመቱ ወጥተውበታል። ቅርቡ ዘመድ ደግሞ የአጎታቸው ልጅ ጋሽ ገብሬ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የታመመ ይጠይቃሉ። ብቻ የአማቴን ጉልበት ሊጠይቁ ሲመጡ፣ "ዋንዛው ደህና ነው?" ከሚለው ይጀምራሉ።

አማቴ ምንም አልጠየቁንም። አንድ እሑድ ግን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ጫካው እያዩ፣ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትላላችሁ እናንተ፤ እኔ ገብሬን አልጠላም፤ ግን ይወርሳል" አሉ። አስቴር ፊቷን ከእሳቸው ወደ እኔ አዞረች። ያን ፊት ካየሁ በኋላ ቢሮ ገብቼ ስለ ሦስተኛው ሩብ ዓመት መጻፍ አቃተኝ።

አለቃዬ መልካም ሰው ነው። ማመልከቻዬን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

"አንተ ሰው፣ ፋይናል ዲሲዥንህ ነው?"

"ነው።"

"እንግዲያው ለጊዜው ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንበለው። ቦታህን ሆልድ አደርግልሃለሁ። ዛፍ እኮ አይሸሽም።"

ዛፍ እንደሚሸሽ እንዴት ላስረዳው?

ማንኪራ ገብቼ ቀፎ ጠፈርኩ፤ አማቴ ተቀምጠው እያዘዙኝ ቅጠል አለበስኩት፣ አጠንኩት። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። የሰቀላው ጠዋት መንደርተኛው ከዋንዛው ሥር ተሰበሰበ፤ የመርካቶ ልጅ ዛፍ ሲወጣ ማን ይቀራል? ጋሽ ገብሬም መጥተው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ከልባቸው ይመክሩኛል። "ቀኝ እግርህን፤ አይ፣ ያንተ ቀኝ!" ይላሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ወጣሁ። መጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ ስደርስ ወደ ታች አየሁ። የሚስቴ ፊት ያለወትሮው አንሷል። ፈራሁ። ፈራሁ ስላችሁ በጨዋ ቋንቋ ነው፤ እግሬ ከእኔ ተለይቶ ለብቻው አደመ። ወደ ላይ ቢሉት ወደ ላይ፣ ወደ ታች ቢሉት ወደ ታች የማይል ሆነ። የመንደርተኛው ቀፎዎች ከጫካው ራስ ላይ፣ ከደመና ጋር ተጎራብተው ነው የሚሰቀሉት። እኔ ግን በገመዱ ቀፎዬን ሳብኩና እዚያው መጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ፣ ዘለግ ያለ ሰው በምርኩዙ ጫፍ በሚደርስበት፣ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት።

ሳቁን ተዉት። አንዲት እናት፣ "ዶሮ ሊያስተኛበት ነው?" ማለታቸውን አስቴር ተርጉማልኛለች፤ ባትተረጉምልኝ ምን ነበረበት? ጋሽ ገብሬ ግን አልሳቁም። ዛፉን ዞሩት፣ ቀፎውን አንጋጠው አዩት፣ ገመዱን ሳብ አድርገው ሞከሩት። የዋንዛው ዕጣ በእሳቸው አፍ ላይ ነበርና ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

"መሬት አልነካም። ተሰቅሏል" አሉና ቆባቸውን አስተካክለው ሄዱ። የሚመኘውን ነገር በገዛ አፉ የሚፈርድ ሰው እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር።

አማቴ ምርኩዛቸውን አንስተው ቀድመውኝ ወደ ቤት ሄዱ። አፈርኩ። ዛፉን አተረፍኩ፣ ስማቸውን አጠፋሁ ብዬ አዘንኩ። አበባው ሲፈካ ግን ንቧ ገባች። አማቴ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ይጠፋሉ። አንድ ቀን ተከተልኳቸው። ዋንዛው ሥር፣ ግንዱን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ያዳምጣሉ።

"አባባ፣ ንቧ ምን አለችዎት?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ወደ እሷ ወጣሁ። ዘንድሮ አልቻልኩም" አሉ ዓይናቸውን ከቀፎው ሳያነሱ። "አንተ አወረድክልኝ።"

አለቀስኩ። ንብ ነደፈኝ ብዬ ለአስቴር ዋሸሁ።

አለቃዬ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ደወለ። ሪፖርቱን ከዕቅዱ ጋር የሚያስታርቅ ሰው ጠፍቷል። "መቼ ትመጣለህ?" አለኝ። "ቦታውን ለሰው ስጥ" አልኩት። ብዙ አሰበልኝ፣ ብዙም መከረኝ፤ እኔም አመስግኜ ቡናውን ለማየት ሄድኩ።

በሳምንቱ ጋሽ ገብሬ እኛ ደጃፍ መጡ። ስለ ዋንዛው አልጠየቁም። ተቀምጠው ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩ።

"ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ያንተ አገር" አሉኝ። "የእኔም ዛፍ ባዶውን ነው የከረመው፤ ሳይወረስ የቀረው ቅርብ ዘመዴ አዲሎ ስለሆነ ነው። የአዲሎን ዋንዛ የፈለግኩት እኮ ለመውጣት የሚቀል ስለሆነ ነው። ቅጥረኛ እንደሆነ አይቆጠርም። አንተ ግን የቤት ሰው ነህ። ለሚመጣው አበባ ስቀልልኝ።"

የቤት ሰው! ከመርካቶ እስከ ማንኪራ ስመጣ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ደረቴ ተነፋና ሳላስብ፣ "በደስታ!" አልኩ። ዛፋቸው የትኛው እንደሆነ የጠየቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እጃቸውን ወደ ጫካው ዘረጉ። ቀራሮ ነው። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ልሙጥ፤ ለመጀመሪያው ቅርንጫፍ አንጋጥጬ አንጋጥጬ አንገቴን አመመኝ። አስቴር ከበሩ ቆማ ምን እንደምል ትጠብቃለች። አማቴ ምርኩዛቸውን ያያሉ።

"ጋሼ፣" አልኩ፣ "ረዘም ያለ ገመድ ያስፈልገኛል።"